የተሰቀለ እርካብ

እኔ ፈሪ ነኝ። ንፋስ መውጫ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ቢሰሙ ይስቃሉ፤ ክፍል ስገባ ፀጥ እረጭ የሚሉት እነሱ ናቸውና። ግን ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ስልክ ገና በማለዳ ሲጮህ እፈራለሁ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ የራሰ ኮርቻ ሽታ እፈራለሁ።

ሰኔ ላይ ነው፣ የፈተናው ሰሞን። አንዱ ተማሪዬ ምንባቡ ውስጥ አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ቲቸር፣ ስቲረፕ ምንድን ነው?» አለኝ። «እርካብ» አልኩና ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ። ልጆቹ ገርሟቸው ተያዩ። እኔ እኮ አንድን ቃል እንዲህ በዋዛ የማልፍ ሰው አይደለሁም! ከየት እንደመጣ፣ ድሮ ምን ማለት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ ካልተነተንኩ አላርፍም፤ የአባቴ አመል ነው። ያንን ቃል ግን እዘለዋለሁ።

የዚያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ከባጃጅ እንደወረድኩ ዝናቡ ዱብ አለ። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋሁ። ለካ ከጎኔ አንድ ገበሬ ከነበቅሎው ተጠልሏል። የራሰው ቆዳ፣ የበቅሎዋ ላብ፣ የዛገው ብረት፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። ዓይኔ ወዲያው እርካቡን ነው የፈለገው። ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሰውየው ፊቴን አይቶ፣ «ምነው እመቤቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» ብዬ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ። በስብሼ ቤቴ ደረስኩ።

ይህ ፍርሃት የጀመረኝ በልጅነቴ፣ አንድ ክረምት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ የመኪና ድምፅ እንኳ አይሰማም። አባቴ አለበል የቀበሌው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነው። እናቴ የሺ ትባላለች። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። እኔ አባባ ነው የምላቸው። ቀሪዋ የቤቱ ሰው ቦራ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር በቅሎ። ሰው ማለቴ አይግረማችሁ፤ በእኛ ቤት ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምትከበረው።

አባቴ ቦራን በጫነ ቁጥር ልጓሟን መያዝ የእኔ ሥራ ነው። እንዴት እንደምፈራት! ጥርሷ የአባባን አውራ ጣት ያህላል። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፍኜ «በስመ አብ» እላለሁ። አባቴ ፍርሃቴን ለማስረሳት ነው መሰለኝ፣ ዕቃውን አንድ ባንድ በእንግሊዝኛ እየጠራ ያስደግመኛል። ኮርቻውን ሲያሳርፍ አንድ ቃል፣ የሆድ ማሰሪያውን ሲያጠብቅ አንድ ቃል።

«ይቺስ?» ይለኛል እርካቡን እያወዛወዘ።

«ስቲረፕ።»

«ጎበዝ! ይህ ቃል ድሮ ድሮ ሁለት ቃል ነበር። አንዱ መውጣት፣ ሌላው ገመድ። የመውጫ ገመድ ማለት ነው። እንግሊዞቹም መጀመሪያ ብረት አልነበራቸውም፤ ገመድ ቋጥረው፣ እግራቸውን አስገብተው ነው ፈረስ ላይ ይወጡ የነበሩት።» ይህን ሁሉ የሚያገኘው ጀርባው ከተገነጠለ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነው፤ ማታ ማታ እንደ ዳዊት ነበር የሚደግመው።

«ገመድ!» ይላሉ አባባ ከደጁ መደብ ላይ ሆነው። «ኤዲያ፣ ይህም ስም ሆኖ! የእኛው ይሻላል። እርካብ ረከበ ካለው ነው የሚወጣ። ረከበ፣ አገኘ። እግር ማረፊያውን አገኘ።»

«አባቴ፣ ከዓረብኛ የመጣ ነው ይላሉ እኮ የሚያጠኑት። ዓረቦቹም እንደዚሁ ነው የሚጠሩት።»

«እንግዲያ ዓረቦቹ ከእኛ ሰምተው ነዋ!»

«ሊሆን ይችላል፣ ማን ያውቃል» ይላል አባቴ እየሳቀ። አባባ ግን አይስቁም፤ እስከ ምሳ ድረስ ያጉረመርማሉ።

እኔ የገባኝ ከሁለቱም የተለየ ነው። ከደብሩ በላይ ወዳለው ዋሻ አንድ ባሕታዊ በገመድ ተስቦ ወጥቷል፣ ከወጣ ወዲህም ያየው የለም ይባል ነበር። ስለዚህ የመውጫ ገመድ ሲባል ሰው ወጥቶ የማይመለስበት ገመድ መሰለኝ። አባቴ እርካቡን ረግጦ ሽቅብ በተነሳ ቁጥር፣ ዛሬስ ይወርድ ይሆን እላለሁ። ለማን ይነገራል ይሄ?

በዚህ ላይ የጆሮውን ጣጣ ጨመረልኝ። «አንቺ ውስጥም እርካብ አለ፣ ታውቂያለሽ?» አለኝ አንድ ቀን ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎ። ከአጥንቶቻችን ሁሉ ትንሿ ጆሯችን ውስጥ እንዳለች፣ እርካብ ስለምትመስል ሐኪሞቹ በዚያው ስም እንደሚጠሯት ነገረኝ። እሱ ሊያስደስተኝ ነው። እኔ ግን እርካብ ካለ ጋላቢ አለ ብዬ ቁጭ አልኩ። በጎኔ ተኝቼ ጆሮዬ ትራሱ ላይ ሲያርፍ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይለኛል። የራሴ ደም መሆኑን መች አውቄ! አንድ ሰው በጨለማ ውስጥ እየጋለበ ወደ እኔ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ ወሬው ግን ጥሩ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

እስቴ ለለቅሶ የሄድነው ከክረምቱ በፊት ነው። የእናቴ አጎት ሞተው ነበር። የታወቁ በቅሎ አዋቂ ነበሩ አሉ። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ አልቃሿ ትገጥማለች። ከመሃል የሟቹን በቅሎ ጭነው፣ ግላስ አልብሰው፣ ኮርቻው ላይ ጥቁር ካባቸውን ዘርግተው፣ ሰው ሳይቀመጥባት ያዞሯታል። ሁለቱን እርካቦች ወደ ላይ መልሰው ኮርቻው ላይ አጣልፈዋቸዋል። በቅሎዋ በአጠገቤ ስታልፍ ካባው በነፋሱ ተነስቶ ትከሻዬን ነካኝ። ጮህኩ። ሰው ለሟቹ አዝኜ የጮህኩ መስሎት «እሰይ የኔ ልጅ» አለኝ።

አጠገቤ የቆመችውን አንዲት እኩያዬን፣ «እርካቡን ለምን ሰቀሉት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ባለቤቱ ሞቶ ነዋ! የሞተ ሰው እግር አለው?»

እርካብ ከተሰቀለ ባለቤቱ ሞቷል። በቃ፣ እንደ ፊደል ያዝኩት።

ክረምቱ ከበደ። ያን ዓመት የዘነበው ዝናብ ለጉድ ነበር፤ ዳገቱ እየተናደ ድንጋዩ በየሌሊቱ ሲንከባለል እንሰማለን። ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታም ተያዘ። የአባባ መድኃኒት ያለቀው ያን ጊዜ ነው። የደም ግፊት ነበረባቸው፤ መድኃኒቱን ካልወሰዱ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ አንዴም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወድቀው ተሸክመው አምጥተዋቸዋል። የጤና ባለሙያዋ ድንጋጤና ኀዘን እንዳይነካቸው ብላ እናቴን ደጋግማ አስጠንቅቃታለች።

«ወገዳ ወርጄ አመጣለሁ» አለ አባቴ።

«ተው፣ ይቅርብኝ» አሉ አባባ። «በዚህ ዝናብ ለእኔ ብለህ ገደል አትግባ። እኔ እንደሆንኩ ጠግቤያለሁ።»

«አንድ ቀን ነው አባቴ፣ ነገ እመለሳለሁ።»

ቦራን ሲጭን ልጓሟን ያዝኩ። እግሩ ላይ ጥቁር ቦቲ ጫማ አድርጓል። አባባ በመቋሚያቸው ቦቲውን ነካ ነካ አደረጉት። «አውልቀህ ውጣ። ስንት ጊዜ ልንገርህ? እርካብ አውራ ጣት ነው የሚይዘው። ያንን ጎማ አንዴ ከዋጠ አይተፋውም።» አባባ በልጅነታቸው የተማሩት እንደዚያ ነው፤ በባዶ እግር፣ በጣት ብቻ ረግጦ መጋለብ። የወደቀ ሰው እግሩ ቶሎ ይላቀቃል፣ አይጎተትም።

«በባዶ እግሬ ወገዳ ልግባልህ? ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

አባባ መቋሚያቸውን መለሱ። አባቴ ቦቲውን እርካቡ ውስጥ ጠቅጥቆ አስገባና ተነሳ። እኔም እንደ ልማዴ፣ ዛሬስ ይወርድ ይሆን አልኩ።

በማግስቱ አልመጣም። «ወንዙ ሞልቶ ይሆናል» አለች እናቴ፤ ማንም ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው። እራት ቀርቦ አባባ እጃቸውን አልሰደዱም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አባባ ለቅዳሴ ነጠላቸውን አጣፍተው ለበሱ፤ እኔ እጃቸውን ይዤ አጥሩ በር ላይ ቆምን። ጉሙ ገደሉን ሞልቶ ደጃችን ድረስ ወጥቷል። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ቅጭል። ቅጭል። ከዚያ የቦራ ነጭ ግንባር ብቅ አለ።

ሰው የለባትም። ኮርቻው ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል፣ ጎኗ ጭቃ በጭቃ ነው። ሁለቱም እርካቦች ወደ ታች ተንጠልጥለው ሆዷን ይመቷታል። በግራው እርካብ ውስጥ የአባቴ ቦቲ እንደተሰካ ነው።

ቦቲው ብቻ ነው ወይስ እግሩም አለበት? እንደዚያ ነው ያሰብኩት፤ ሌላ አይደለም። ዓይኔን መጨፈን ፈለግኩ፣ እንቢ አለኝ።

አባባ እጄን ለቀቁና ልጓሟን ያዙ። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ በእጃቸው ነው ያዩዋት። ኮርቻውን ዳበሱ፣ ባዶ ነው። ወረድ አሉ፣ ቦቲውን አገኙ። ሁለት እጃቸውን አስገብተው ሲጎትቱት ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ወጣ። ዘቀዘቁት። ጭቃ ውኃ ብቻ ወረደ። ከዚያ ቦቲውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡት፤ ኮርቻውን ገፍተው አቀኑት፤ በዚያ በንጹሕ የቅዳሴ ነጠላቸው ጎኗን ጠረጉት። የግራውን እርካብ አነሱና ኮርቻው ላይ ጣሉት። በፊቷ በኩል ዞሩ። የቀኙንም አነሱና በላዩ አጣለፉት።

እስቴ ያየሁት ነው! እንደዚያው፣ ካባው ብቻ ነው የቀረው። አባባ በቅሎዋን ለለቅሶ እያሰናዷት ነው። አባባ አውቀዋል ማለት ነው። አባቴ ሞቷል።

«የሺ!» ብለው ተጣሩ አባባ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። «የሺ፣ ነይ እስኪ፣ ቦራ መጥታለች።»

እናቴ ከቤቱ ጎን፣ ከጎመኑ ማሳ በኩል መጣች። እጇ ጭቃ ነው። ቆመች፤ በቅሎዋን አየች፣ አባባን አየች። ለአፍታ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ እጇን አጨበጨበች።

«እሰይ! እሰይ እመብርሃን! እርካቡን ሰቅሎ ነው የለቀቃት! አዩ መሪጌታ? ሆዷን እንዳይመታት፣ ቁጥቋጦ እንዳይዝባት ብሎ በእጁ ሰቅሎ፣ ሂጂ ብሏታል። ደህና ነው። እግሩን ወለም ብሎት ወይ መንገዱ ከፍቶበት ነው።»

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩ» አሉ አባባ።

በእኛ አገር በቅሎውን ብቻዋን ወደ ቤት የሚሰድድ ሰው በእርግጥም እንደዚያ ያደርጋል። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው የእስቴውን ነው። እናቴ ያበደች መሰለኝ። አባቴ ሞቶ፣ እርካቡ ተሰቅሎ፣ እሷ ታጨበጭባለች።

ጎረቤታችንን አያ ደሴን ጠራችው። አያ ደሴ የቦራን ዱካ አየና ሮጦ ጡሩምባውን አመጣ። ጡሩምባው ሲነፋ እኔ ጎተራው ሥር ገባሁ። ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው፤ ሌላ ጥቅም እንዳለው ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የመንደሩ ወንዶች ዱላቸውን፣ ገመዳቸውን ይዘው መጡ፤ ሁለቱ ቃሬዛ ተሸክመዋል። አባባ አብረዋቸው ሊወርዱ መቋሚያቸውን አነሱ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለች እናቴ በሩን ዘግታ ቆማ። «ሁለት ሰው ሊያሸክሟቸው ነው? ይቀመጡ!»

«ልጄ ነው እኮ የሺ።»

«ልጅዎማ ከአረም ሥራ ለመሸሽ ነው! ማታ መጥቶ ሲዘበዝበን ይሰሙታል።» ሳቀች። በእግዜር፣ ሳቀች። አባባም ጥርሳቸውን ሊያሳዩ ሞከሩ።

መደቡ ላይ ተቀመጡና ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። በቃላቸው ነው የሚያውቁት፤ ግን አንድ ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ፣ እንደገና እዚያው ይቆማሉ። ቦቲው ከነጠላቸው ሥር ነው። እብጠቱ ይታየኛል። ዝቅ ሲሉ በክንዳቸው ይጫኑታል። እናቴ በፊታቸው ስትመላለስ እኔ እብጠቱን ላለማየት ወደ ጣሪያው አያለሁ።

እሷ ደግሞ አላርፍ አለች። ቤቱን ጠረገች። ለወጌሻው ሰው ላከች፣ «ሳይሰበር አይቀርም፣ ይዘጋጅ» ብላ። ለሚመጡት ወንዶች ሽሮ ሠራች፣ ጨው ስታደርግም ቀምሳ አይደለም፤ ጾም ነው። አንዴ ጎተራው ሥር ጎንበስ ብላ አየችኝ። «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ውጪ፣ እንጨት አቀብዪኝ።»

አባዬ ሞቷል፣ አትሳቂ፣ ልላት ነበር። አባባ ቦቲውን ደብቀውሻል ልላት ነበር። ብነግራት ግን እኔ የገደልኩት መሰለኝ። ጆሮዬ ውስጥ ያ ጋላቢ መጥቷል፤ አሁን ትራስም አያስፈልገውም፣ ቆሜም እሰማዋለሁ። እመቤቴ ማርያም፣ አባዬን ከመለስሽልኝ ቦራን ከእንግዲህ አልፈራም፣ ፍልሰታ እስኪፈታ ውኃም አልጠጣም አልኩ። ወዲያው ደግሞ ጠማኝ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጉሙ ገለጥ አለ። ከታች፣ ከዳገቱ መጠምዘዣ ላይ ሰዎች ይታያሉ። ቃሬዛውን ተሸክመዋል። ቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው ከእግር እስከ ራሱ በጋቢ ተሸፍኗል።

እናቴ እንጨት ይዛ ነበር፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አባባ፣ «ምን ይታያል?» አሉ። «የሺ፣ ምን ይታያል?»

«ይመጣሉ፣ ይመጣሉ» አለች።

እየቀረቡ መጡ። ጋቢው አይነቃነቅም። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ ይዣለሁ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ከፊት የተሸከመው ጎረምሳ አዳለጠው፤ ቃሬዛው ዘንበል አለ።

«ቀስ በሉ እንጂ!» አለ ጋቢው ከውስጥ። «እህል ነው እንዴ የተሸከማችሁት?»

ለዝናቡ ነበር የሸፈኑት። አባቴ ፊቱን ገልጦ ቀና አለ፤ ፊቱ ተልጧል፣ ግራ ትከሻው ወርዷል፣ ግን አባቴ ነው። የአባባ መቋሚያ ወደቀ። እናቴ እልል አላለችም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፣ እግሯን ዘርግታ። ደስታው ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት አስገብተው መደቡ ላይ አጋደሙት። ግራ እግሩ ባዶ ነው፤ አያ ደሴ በጥምጣሙ ጠቅልሎለታል። ወጌሻው ትከሻውን እየዳበሰ፣ «ጩኽ፣ አይዞህ» ይለዋል። አባቴ ሳይጮህ በፊት በደህናው እጁ ከደረቱ ውስጥ በፕላስቲክ የተቋጠረ መድኃኒት አውጥቶ ለአባባ ሰጣቸው። አልራሰም። አባባ ተቀብለው መድኃኒቱን ሳይሆን እጁን ሳሙት።

ያን ጊዜ እናቴ፣ እሱ ምንም ሳይናገር፣ ቀድማ ጀመረች። «እርካቡን ሰቅለህ ባትሰድድልን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? እሱን አይቼ ነው ልቤ የረጋው። መሪጌታም እሱን አይተው ነው የተጽናኑት።»

አባቴ ግራ ገብቶት አያት። ከዚያ ወደ አባባ ዞረ። አባባ ወደ መሬት ነው የሚያዩት፤ እብጠቱ እንዳለ ነው። አባቴ እብጠቱን አየ፤ የራሱን ባዶ እግር አየ።

«ሰቀልኩት እንጂ» አለ። «እንዳትሰጉ ብዬ።»

አባባ ተነስተው ወጡ። ከደጅ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፣ ሲያለቅሱም እንደዚያው። በማግስቱ ጠዋት ቦቲው ታጥቦ በሩ ሥር ከጓደኛው ጎን ቆሞ ተገኘ። ከየት መጣ ያለ ሰው የለም።

የሆነውን ነገር የሰማሁት ከአያ ደሴ ነው፤ ለወጌሻው ሲያወራ። ወንዙ ሞልቶ አባቴ ማዶ አድሯል። ጠዋት ሲመለስ ከዳገቱ ድንጋይ ተንከባሎ ቦራ በረገገች። እሱ ወደቀ፣ ቦቲው እርካቡ ውስጥ ቀረ፤ ቦራም ጎተተችው፣ ጎተተችው፣ እግሩ ከቦቲው ውስጥ ሾልኮ እስኪወጣ ድረስ። «ቦቲው ሰፊ ባይሆን ኖሮ አልቆለት ነበር» አለ አያ ደሴ። ስለ እርካብ መስቀል ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ለእኔ ከፊተኛው አልተሻለም። አባቴ ዋሽቷል፣ አባባ ዋሽተዋል፣ እናቴ ብቻ ነች ያልገባት። ይህ ሁሉ ሰው ዋሽቶ እመቤታችን ተቆጥታ መልሳ ብትወስደውስ? በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም። እናቴ ጅረቱ ላይ የአባቴን ሱሪ ስታጥብ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ጭቃው አልለቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ትጠፈጥፈዋለች።

«እማ፣ አባዬ ዋሽቷል።»

«ምኑን?»

«እርካቡን እሱ አልሰቀለውም። አባባ ናቸው የሰቀሉት። ተንጠልጥሎ ነበር የመጣው፣ ቦቲውም ነበረበት፣ አባባ ደበቁት። እኔ አይቻለሁ።»

ሱሪውን ገለበጠችና ሌላውን ጎን መጠፍጠፍ ጀመረች።

«እኔም አይቻለሁ» አለች።

«ምን?»

«ከጎመኑ ውስጥ ቀና ስል ነው በአጥሩ ቀዳዳ ያየኋት፤ እርካቧ እየተንቀጨለጨለ፣ ቦቲውን ይዛ። ልጮህ አፌን ስከፍት እሳቸው በዚያ በማያይ ዓይናቸው እየዳበሱ እርካቡን ሲሰቅሉ አየሁ። ለእኔ ብለው። ታዲያ ጮኼ ልግደላቸው? የሄደውም ለእሳቸው መድኃኒት ነው። ያን ሰዓት ብጮህ እዚያው በር ላይ ይደፉ ነበር።»

«እና አንቺ አባዬን…»

«ሞቷል ብዬ ነበር» አለች። «ሞቷል ብዬ ነበር እንጂ ምን ልል ኖሯል?»

ያጨበጨበችው። የሳቀችው። ሽሮው። «ልጅዎማ ከሥራ ለመሸሽ ነው» ያለችው። ያን ሁሉ ሰዓት ባሏ ገደል ውስጥ ተሰባብሮ እንደተኛ እያመነች ነው። እጇ መጠፍጠፉን አላቋረጠም። የበቅሎ ጥርስ፣ ጡሩምባ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጋላቢ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ብትደምሯቸው ያን ሰዓት እናቴን የፈራሁትን ያህል አልፈራኋቸውም።

የሱሪውን አንድ ጫፍ አቀበለችኝና «ያዢ፣ ጠምዝዢ» አለችኝ። ጠመዘዝን። ቡናማው ውኃ እግራችን ላይ ወረደ።

«ለአባባ እንዳትነግሪ» አለች። «እኔን አታለው ያተረፉኝ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።»